በእኛ ሰዓት ዘጠኝ

ሰኞ፣ ግንቦት 11። ከጠዋቱ 4:00።

የካርቶኑ ሰዓት አለቀ። ቁጥሮቹ በቀይ፣ ቆጣሪዎቹ በጥቁር፣ መሐሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ። ለቅዳሜው ትምህርት ነው። ልጄ ኖላዊ ግን ከተማሪዎቼ ቀድሞ መረመረው፤ ትንሿን ቆጣሪ አኝኮ ገንፎ አደረጋት። እንደገና እቆርጣለሁ።

ደብተሬ ሆይ፣ ደስታዬ የካርቶን አይደለም። ልጄ ዛሬ ያለ ትራስ ተቀመጠ! ሰባት ወር ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው። ቆጠርኩ፤ እስከ ሠላሳ አንድ ጸና፣ በሠላሳ ሁለት ወደ ግራ ተጋደመ፣ በመውደቁም እጅግ ተቆጣ። ለባሌ ለኤርሚያስ ደወልኩ። ኮዝሞ ሲቲ ባለችው ስፓዛ ሱቁ ውስጥ ዳቦና የስልክ ኤርታይም የሚገዙ ሰዎች ተሰልፈው ሳለ "ሠላሳ አንድ!" ብሎ ጮኸ። ወረፋው ሁሉ አጨበጨበ ይላል። ባሌ ያጋንናል፤ ቢሆንም እንደ ሰማሁት ይመዝገብ።

ያለፈው ቅዳሜ ጥያቄ አሁንም ይከነክነኛል። ቤ/ክ ግቢ አማርኛ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ፣ ቤተል፣ ስምንት ዓመቷ፣ እዚሁ ጆበርግ የተወለደች፣ እጇን አወጣች፦ "ቲቸር፣ ፀሐይዋ አንድ ናት አይደል? ታዲያ ለምን ሁለት ሰዓት አላት?" መልሴ ረጅም ነበር። የዚህ አገር ሰዎች ሰባት የሚሉትን ጠዋት እኛ አንድ እንላለን፤ መቁጠር የሚጀመረው ሲነጋ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያታዊ ነገር አለ? ልጅቷ አዛጋች። እኔ ግን በአሥራ ሦስት ዓመቴ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ብዙ ነገር ለውጫለሁ፣ ሰዓቴን አልለወጥኩም። አንቺም ብትሆኚ፣ ደብተሬ፣ የምትጻፊው በእኛ ሰዓት ብቻ ነው። መርሕ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ከቀኑ 10:15።

ጠዋት 3:00 ላይ አዲስ ክብረ ወሰን፦ አርባ አራት! ከዚያ ሙዝ በላ፣ ሳቀ፣ ተኛ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልክ አይደለም።

9:00 ላይ ምንጣፉ ላይ ሲጫወት በድንገት ጮኸ። የማላውቀው ጩኸት። ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። 9:05 ላይ ለኤር. ደወልኩ፤ ስልኩን ሳልዘጋ ልጁ ዝም አለ፣ ጭራሽ ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። በመሳቄ አፍራለሁ፤ 9:22 ላይ ተመልሶ መጣና።

እትዬ አስካለ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ስድስት ልጅ አሳድገዋል፤ እኛ ባለንበት የሜይፌር መንገድ የታመመ ሕፃን እሳቸው ሳያዩት አይውልም። አፉን ከፍተው ተመለከቱ። እንጥሉ ወርዷል፣ የሚያነሣለት ሰው አውቃለሁ አሉ። በልጄ አፍ ምላጭ አይገባም አልኩ፤ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም።

"ኧረ ተማሪ! ምላጭ ማን አነሣ? ጣት ነው።"

(ደብተር ከእጄ ስለማይጠፋ ተማሪ ይሉኛል።) ጣትም አይገባም አልኩ። ተቀየሙ፤ ግን አልሄዱም። ሹራባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፣ የ9:41ዱንና የ10:01ዱን ጩኸት አዳመጡ፣ ከዚያ ኩርፊያቸውን ረስተው ክንዴን ያዙ፦

"ስሚ፣ ይሄ ዝም ብሎ ቁርጠት አይደለም። እየሄደ ይመጣል። እንደ ምጥ። ሰዓት ያዢለት።"

እንደ ምጥ! ስለ እንጥሉ ተሳስተዋል፤ ስለዚህ ግን ልክ ናቸው። ቁጥሮቹን አሰለፍኳቸው። 9:00። 9:22። 9:41። 10:01። ግምቴ ትክክል ከሆነ ከአምስት ደቂቃ በኋላ

10:20። ትክክል ነኝ። ምነው ባልሆንኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ከጠ. 1:50። ሆስፒታል፣ ወረፋ።

ትናንት 12 ሰዓት ሲሆን ተወው። ተኛ። አለፈ ብለን አመሰገንን። ሲነጋ ተመለሰ፣ በየሃያ ደቂቃው። አረንጓዴ አስታወከው። ዳይፐሩ ላይ ደም የተቀላቀለበት፣ ማርማላታ የመሰለ ነገር። ኤር. ሱቁን ሳይከፍት የጓደኛውን መኪና ተውሶ አመጣን። ዳይፐሩን በፕላስቲክ አሥሬ ይዤዋለሁ፤ ሐኪም ቃሌን ብቻ እንዲያምን አልጠብቅም።

ከጠ. 3:10።

ሲስተር ኖምሳ የምትባል ነርስ አለች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከትከሻዋ የሰፋ። ፕላስቲኩን ከፍታ አየች፣ ወዲያው ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል መዝዛ አወጣችን። ግሉኮስ ሊሰካለት ስለሆነ እኔ ልጁን ያዝኩ። ኤር. ወረቀታችንንና አንቺን ይዞ ወደ መዝጋቢዋ መስኮት ሄደ። መቼ ጀመረው፣ ስንት ጊዜ፣ ሲሉት ከገጹ ላይ አነበበላቸው። ሲመለስ ሽልማት የተቀበለ ተማሪ መስሎ ነበር። አንዲት ደቂቃ አላጎደልኩም አለኝ። ኮራሁ፤ በእሱም፣ በራሴም።

ከጠ. 5:35። ከራጅ ክፍሉ በር ውጭ።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አልትራሳውንድ ተነሣ። ቀዶ ሐኪሟ አጭር፣ ስኒከር የተጫሙ ሴት ናቸው። የጋዋናቸውን እጅጌ ወደ ራሱ ውስጥ ሰብስበው አሳዩን። የልጁ አንጀት እንዲህ በራሱ ውስጥ ገብቷል፤ ሊገፋው በሞከረ ቁጥር ነው የሚጮኸው። እኛ ሰው ሲያሳዝነን አንጀቴን በላው እንላለን። የልጄ አንጀት ራሱን እየበላ ነው።

መፍትሔው ወይ በመቀመጫው በኩል በቀጭን ቱቦ አየር ነፍቶ ማስለቀቅ፣ ወይ ሆዱን መክፈት ነው። አየሩ ቶሎ ለደረሰ ነው። ከቆየ አንጀቱ ይሳሳል፣ አየሩ ሊበሳው ይችላል። ፋይሉን አዩ። ከአንድ ቀን አልፏል፤ ስለዚህ መክፈት ይሻላል አሉ። የፈቃድ ወረቀት መጣ። ብዕር መጣ። ኤር. እንድፈርም በዓይኑ ለመነኝ።

ሳላነብ አልፈርምም። የዳቦ መጠቅለያ እንኳ የማነብ ሰው ነኝ። አነበብኩ። ሕመሙ የጀመረው፦ ትናንት፣ 09:00። ቀጥሎ 09:22። ቀጥሎ 09:41።

የእኔ ቁጥሮች! አንዲት ደቂቃ አልጎደለችም። ነገር ግን ትናንት ጠዋት በእነሱ ዘጠኝ፣ ማለት በእኛ ሦስት ሰዓት፣ ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እኔ አርባ አራት እየቆጠርኩለት ነበር።

ተነሣሁ፤ ወንበሩ ወደቀ። "ሰዓቱ የእኛ ነው!" አልኩ በእንግሊዝኛ። ሐኪሟ ሥራ የበዛበት ሰው እብድን በሚያይበት ዓይን አዩኝ። ለቤተል ያን ያህል ያንዛዛሁትን በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረስኩት። ሲስተር ኖምሳ ጣልቃ ገባች፦ "ቆይ ማማ፣ ዘጠኝ ስትዪ ስንት ማለትሽ ነው?" ከሰዓት በኋላ ሦስት፣ አልኳት። ኤር. ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሐኪሟ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቁ። የደነገጠች እናት ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም። ያን ጊዜ ኤር. ስልኩን አወጣ። የትናንት ጥሪዬ፣ ስልኩ በዚህ አገር ሰዓት እንደ መዘገበው፦ 15:05።

ስድስት ሰዓት! ሐኪሟ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሃያ ስድስት የነበረው ሃያ ሆነ። የልጁን ሆድ እንደገና ዳሰሱ። ሰዓት ብቻውን አይወስንም፤ ሆዱ ግን አልጠጠረም፣ ልቡም ደህና ይመታል። በአየር እንሞክር፣ እምቢ ካለ የቀዶ ጥገናው ክፍል ዝግጁ ነው አሉ። ሌላ ወረቀት። ይህንንም አነበብኩ። ፈረምኩ።

ስህተቱ የመዝጋቢዋ አይደለም፤ የኤር.ም አይደለም። በገጹ ራስጌ ላይ "በእኛ ሰዓት" የሚሉ ሁለት ቃላት አልጻፍኩም። እኔ፣ ሰዓት የማስተምረው ሰው!

በሩ እስካሁን ዝግ ነው።

ከቀ. 7:05።

ተፈታ! ተፈታ! ተፈታ!

በመጀመሪያው አልተነቃነቀም። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ግን አየሩ ስክሪኑ ላይ እንደ ጎርፍ ጥሶ አለፈ አሉ። ሲስተር ኖምሳ እልልታዋን ኮሪደሩ ላይ ለቀቀችው፤ እዚህም አገር እልልታ እንዳለ ረስቼው ነበር። ኤር. ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ሁሉን ከሰሙ፣ ፈጣሪንም ካመሰገኑ በኋላ፦

"እንጥሉንስ አዩለት?"

አላዩም እትዬ።

"እንግዲህ!"

ሳቄ አልቆም አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን አባባል የዛሬን ያህል ቃል በቃል ጽፌው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ከጠ. 4:30 (በእነሱ 10:30)። ሆ/ል።

ጠባ! አልመለሰውም! ሲስተር ኖምሳ ልትመዘግብ መጣችና ብዕሯን አንሥታ፣ "ማማ፣ በየትኛው ሰዓት?" አለች። ክፍሉ ሁሉ ታሪኩን ሰምቷል፤ ሳቁ።

ከኤር. ጋር ተጨቃጨቅን። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል፤ የለም፣ የእኔ ነው እላለሁ። ከጎናችን ያለችው የሶዌቶ እናት በምን እንደምንጣላ ጠየቀች። ነገርኳት። አይዟችሁ፣ ለሁለታችሁም ይዳረሳል አለች።

ሐኪሟ ሲዞሩ አንድ ነገር አስጠነቀቁ። ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ልጁን አዳምጪው፣ እንደዚያ ከጮኸ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ አሉኝ። ደስታዬ ውስጥ እሾህ ገባ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18። ከጠ. 2:15 (8:15)። ቤት።

ዓርብ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ያለቀሰባቸው ሰዓታት አራት ገጽ ሞሉ፤ በግራ የእኛ፣ በቀኝ የእነሱ። ሻንጣው በር ላይ ተዘጋጅቷል። ኤር. ገጾቹን ገልጦ አየ። "ሊዲያ፣ ልጁን ነው የምታሳድጊው ወይስ ሰዓቱን?" ከእጁ ወሰድኩሽ።

ሐቁን ልጻፍ፤ አንቺ ለዚህ ነሽና። ዛሬ ጠዋት አልቅሶ እጁን ዘረጋልኝ። መጀመሪያ ጻፍኩ፤ ከዚያ አነሣሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ከቀ. 8:00 (14:00)።

የካርቶኑን ሰዓት ይዤ ለልጆቹ ታሪኩን ነገርኳቸው። ስህተቴን ሳልቀንስ። ቤተል አላዛጋችም! ወንበሩ ሲወድቅ ሁሉም ጮኹ፤ 15:05 ላይ አጨበጨቡ። በመጨረሻ ቤተል እጇን አወጣች፦

"ቲቸር፣ ቤቢው ራሱ በየትኛው ሰዓት ነው የሚያለቅሰው?"

ጥያቄዋን ይዤ ወጣሁ። ታክሲው ውስጥ አሰብኩት፤ ምሳ እየበላሁም አሰብኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 25። ከጠ. 3:40 (9:40)።

ጮኸ። ድንገት። ጉልበቱን የሰበሰበ መሰለኝ። እትዬ አስካለ እዚሁ ናቸው፤ አቅፈውታል። እኔ ብዕር ይዣለሁ።

3:58። ሃያ ደቂቃው ቀረበ።

4:02። ዝም።

4:06። ዝም። ኤር.ን ልጥራ? ሻንጣውን በእግሬ ወደ በሩ አስጠጋሁት።

4:10። እትዬ አስካለ ገንፎ እያበሉት ነው። እየበላ ነው! ማንኪያው አፉ ውስጥ አንድ ነገር መታ። ቅጭ። እንደገና፣ ቅጭ። እትዬ ጣታቸውን አስገቡ፤ በዚህ ጊዜ አልከለከልኳቸውም።

"አንቺ ተማሪ! እንጥል ስትፈሪ ጥርስ አመለጠሽ!"

ጥርስ! ከታች፣ በግራ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል። ነካኋት፤ ነከሰኝ! ለኤር. ደወልኩ። ስፓዛው አጨበጨበ ይላል። ዛሬ አምኜዋለሁ።

ደብተሬ ሆይ፣ ወስኛለሁ። የሐኪሟን ምልክቶች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ከመጡ እሄዳለሁ። የልቅሶ ገጽ ግን ከዛሬ ጀምሮ አበቃ። ሲያለቅስ መጀመሪያ አነሣዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፈ እጽፋለሁ፤ ካልተረፈ አንቺ ትጠብቂያለሽ። እሱ በማንም ሰዓት አያለቅስም። እኔን ነው የሚጠራው።

እትዬ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጁ የካርቶኑን ሰዓት አግኝቶታል፤ ትልቋን ቆጣሪ በአዲሱ ጥርሱ ይዟታል። ታገለ። ቀደዳት! አሁን ደግሞ ለምን ተቀደደች ብሎ ያለቅሳል፣ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ ከጠ. 4: