ፌንጣዎቻችንን እንደ በረሮ ላስረጩብን ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢያችን ጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። እኔ ከባለቤቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ወር ቤታችን ድረስ መጥተው የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

አንደኛ፣ ስለ ዕውቀትዎ አመሰግናለሁ። በጓዳችን፣ ክዳን ባላቸው አሥራ አራት ሣጥኖች ውስጥ የምናረባቸው ለዶሮ መኖ የሚሆኑ ፌንጣዎች መሆናቸውን ከነፈቃድ ወረቀቱ ባሳይዎ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ባዶ ጀርባውን በጥሞና ከመረመሩ በኋላ «እማማ፣ ስድስት እግር ያለው ሁሉ በረሮ ነው» አሉኝ። ይህን ታላቅ ግኝት ከተማሪዎቼ ሸሽጌ በመኖሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ስምንት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ኖረ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት በቀኝ እጁ ካሮት እየከተፈ ፌንጣዎቹን መመገብ ጀመረ፤ ቁርሱን ሳይጨርስም «ተይኝ፣ ሥራ አለብኝ» ይለኝ ጀመር። ሠራተኞችዎ መርጫቸውን ተሸክመው ሲገቡ፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ የጓዳውን በር ዘግቶ «ልጆቼ፣ እባካችሁ ተዉልኝ» ብሎ ለመናቸው። እርስዎም «ሽማግሌውን ወደዚያ ግፉልኝ» አሉ። እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ገፉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱ ወደ ግድግዳው ተመልሷል።

ሦስተኛ፣ ስለ ንጽሕናዎ። ሠራተኞችዎ የሞቱትን ፌንጣዎች ከደረጃው ሥር ደፍተዋቸው ሄዱ። የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ የምታረባቸው ዘጠኝ ዶሮዎች ለቀሟቸው፤ ዘጠኙም ተዘረሩ። እርስዎ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥተው «ዶሮዎቹ የሞቱት ከፌንጣ በመጣ በሽታ ነው» የሚል ማስታወቂያ በራችን ላይ አስለጠፉ። ጎረቤት ሁሉ ሰላምታ ነፈገን።

ልብስ ሰፊዋ ግን እንደ ክቡርነትዎ አልተማረችምና መጠየቅ ታውቃለች። አንዷን ዶሮ በላስቲክ ጠቅልላ ለእንስሳት ሐኪም ወሰደች። ሐኪሙ «የተባይ መርዝ» ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን ከማስታወቂያዎ ጎን ለጥፋ ገባችና ከባለቤቴ አልጋ ግርጌ ተቀመጠች። «አባባ፣ ጫጩት ላመጣ ነው። መኗቸውን ካንተ ሌላ ማን ያውቅልኛል?» አለችው። ፊቱን ከግድግዳው ወደ እኔ አዙሮ «ከሣጥኖቹ መርዙ ታጥቦ ይለቃል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አዲስ እንገዛለን አልሁት።

የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ ማስታወቂያውን በገዛ እጅዎ ይንቀሉት፤ ባለቤቴንም ዓይኑን እያዩ ይቅርታ ይጠይቁት። ድፍረቱን ቢያጡ አልፈርድብዎትም፤ ድፍረት ከማኅተም ጋር አይታደልም።

ፊደል ላስቆጠሩዎ መምህራን ድካም ከልብ እያዘንሁ፣ ለሥልጣንዎ ካለኝ ልክ የለሽ አክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ፎቅዋ ጡረተኛ

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ገቢ ላደርግ ቢሮዎ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና አምስት ቅጂ አነሣች። አንዱ ለፋይል መሆኑን ነገረችኝ። አራቱ ለማን እንደሆኑ አልጠየቅኋትም።