የመኪናው ዝናብ መጥረጊያና የእምዬ ዓይን

ይድረስ በአስመራ ለወንድም ጋሼ በላይነህ፤ ከታናሽህ ከተሻገር።

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን የሚያምህ ቁርጥማት ተወህ ወይስ ብርድ ሲገባ አሁንም ይነሳብሃል? ወለተ ሥላሴስ ደኅና ናት? ማሚቴስ፣ ያቺ በዓይናችን ያላየናት ልጅህ፣ አፏን ፈታች? እኛ፣ ለእሱ ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን። ስለ ጤናችን ግን ልዋሽህ አልችልም፤ የእምዬ ዓይን ደክሟል። ግራው ከጠፋ ዓመት አለፈው። በቀኙም ላይ ሞራ እየወረደበት ነው። ከቀረብናት መልካችንን ትለያለች፣ ራቅ ካልን ጥላ ነን። ይህችም ብርሃን ሳትጠፋባት ሐኪም ዘንድ ላደርሳት ያየሁትን መከራ ልጻፍልህ። አንተ ጋራዥ የምትውል ሰው ነህና ከመኪናው ልጀምር።

አቶ መልአኩ የሚባሉት የመካነ ኢየሱስ እህል ነጋዴ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጭነት መኪናቸውን እንድነዳ እንደሰጡኝ ባለፈው ጽፌልህ ነበር። ባቄላና ገብስ እየጫንኩ ደብረ ታቦር አደርሳለሁ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጭነት ይዤ ስወጣ እምዬን ከጎኔ ላስቀምጣት ለመንኳቸውና እሺ አሉ። አገር ላገር እየዞረ የሚያክመው የዓይን ሐኪም ደብረ ታቦር የሚቆየው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር። እምዬም ከአርብ ገበያ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዛ እኔ ዘንድ ደረሰች። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ገባ፣ የመስታወቱ ዝናብ መጥረጊያም ይጮህ ጀመር። ጩኸት ስልህ ቀላል አይምሰልህ፤ ግቢ ውስጥ ስሞክረው እምዬ ማን ሞተ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

መጀመሪያ ጥፋቱ የመስታወቱ መሰለኝ። የበጋው አቧራና የገለባ ብናኝ ተጋግሮበታል። ሰኞ በእንዶድ አጠብኩት፣ ዝም አለ። ደስ ብሎኝ አደርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ካፊያ ሲጀምር እንደገና ጮኸ። መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ምን ሆነ? የመጥረጊያውን ጎማ ብዳብሰው ደርቋል። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀንበሩ ጠፍር ሲደርቅበት ቅቤ ይቀባው አልነበር? እኔም ለጋ ቅቤ ገዝቼ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር አሸሁት። እንግዲህ ሳቅ፣ መብትህ ነው።

ከሰዓት በኋላ አቶ መልአኩን አሳፍሬ እህል ልንጭን ስንወርድ ዶፉ ወረደ። መጥረጊያው አንዴ ደርሶ ሲመለስ መስታወቱ አጓት መሰለ። መንገዱም ገደሉም ጠፋኝ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ ዝናቡ በጆሮዬ እየገባ፣ እንደምንም ወደ ቤት መለስኩት። አቶ መልአኩ ሲወርዱ፣ ሹፌር የቀጠርኩ መስሎኝ ገበሬ ቀጠርኩ አሉ።

ቅቤውን እንዶድም ሳሙናም አላስለቅቅ አለኝ። አረቄ ያስለቅቃል ያለኝ ሰው ነበርና ግማሽ ጠርሙስ ገዝቼ፣ በጨርቅ እየነከርኩ ጎማውንም መስታወቱንም ፈተግሁት። ለቀቀ! ጨርቁ ጥላሸት መሰለ። ለካ የተረፈው መቀመጫው ላይ ተደፍቶ ኖሯል። ረቡዕ ጠዋት አቶ መልአኩ በሩን ቢከፍቱ መኪናቸው አረቄ ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። ማክሰኞ መንገዱ ለምን እንደጠፋኝ የገባቸው መሰላቸውና ቁልፉን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። ለጎማው ነው ብዬ በታቦት ብምልላቸው፣ ጎማ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም አሉኝ። በኋላ እምዬን አይተው ይሁን እንጃ፣ እስከ ነገ ጠዋት ዝም ካሰኘኸው ቁልፉን እመልስልሃለሁ፤ ከጮኸ ግን ሌላ ሹፌር ይወጣል፣ እናትህንም አልጭንም አሉ።

ያን ጊዜ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። መስታወቱ ታጥቧል፣ ቅቤው ለቅቋል፣ እሱ ግን አሁንም ይጮኻል። ቤተ ልሔም ድጓ ስማር መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ዜማ ሲሰበርብን እንደገና ከራሱ አያስጀምሩንም ነበር፤ የቱ ላይ ነው የሰበርከው፣ እሱን ብቻ በል ይሉን ነበር። ይኸው መላ ትዝ አለኝ። መጥረጊያው ሞተሩ ሲጠፋ ከውስጥ በእጅ የሚገፋበት እጀታ አለው። እምዬን አስቀምጬ እጀታውን አስያዝኳትና እኔ ከውጭ በቅል ውኃ እያፈሰስኩ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሲሄድ ዝም ይላል፣ ሲመለስ ይጮኻል። እምዬም ከውስጥ ሆና፣ ሲሄድ ለእጄ ይቀለኛል፣ ሲመለስ ግን እምቢ እያለ ይንቀጠቀጥብኛል አለች። ጎንበስ ብዬ ባየው፣ ጎማው በጋውን ሙሉ በአንድ ጎኑ ተኝቶ ደርቋል፤ የያዘው ብረትም ወደዚያው ጠመም ብሏል። ስለዚህ ሲመለስ ጎማው አይገለበጥም፣ መስታወቱን እየወጋ ይዘላል። ብረቱን በፒንሳ ይዤ ጎማው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጥቂት በጥቂት አቃናሁት። እምዬ ገፋችው፣ መለሰችው፤ ጸጥ አለ። ያዳነው ፒንሳው ብቻውን ይሁን አረቄውም አግዞት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አንተ ታውቅ እንደሆነ ንገረኝ።

ሐሙስ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ያዘን። መጥረጊያው ትንፍሽ አይልም፣ እኔም ኮርቻለሁ። እምዬ ግን ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ ልጄ፣ ነገርየው ቆመ እንዴ፣ መንገዱን ታየዋለህ ወይ አለችኝ። ስንሞክረው ሲጮኽ መስታወቱ እየተጠረገ መሆኑን ታውቅ ነበርና አሁን ዝም ሲል ፈራች። አያለሁ እምዬ ብላት አላመነችኝም። እጇን የሚወዛወዘው እጀታ ላይ አድርጋ፣ መሄድ መመለሱን እየዳሰሰች ደብረ ታቦር ደረስን።

ሐኪሙ አያት። ሞራው ይነሣል፣ ብዙ ሰውም ድኗል አለ። ዳሩ ግን የቀረችውን ብርሃን አጥቶ የተመለሰም አለ ብሎ እውነቱን አልሸሸገንም። የአሁኑ ተራ ሞልቷል፤ ሄጄ ፍልሰታ ሲገባ እመለሳለሁና ያን ጊዜ አምጣት፣ ከዚያ ግን አትዘግይ አለኝ። እምዬም እዚያው ፊቱ ተናገረች። በቀረችኝ ዓይን በላይነህን ሳላየው፣ የልጁንም መልክ ሳላውቅ ዓይኔን አላስነካም፤ እነሱን ካየሁ በኋላ የወደዳችሁትን አድርጉ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት አልሰማችኝም።

ወንድም ጋሼ፣ ለመኪናው የቱ ላይ እንደሚጮኽ ፈልጌ አገኘሁ። ለዚህኛው ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። በግድ ወስጃት ቢጠፋባትስ በምን ዓይኔ አይሃለሁ? ብተዋትስ ዓይኗ እያየሁት ሊጠፋ ነው? እሺ ብላኝ ብትሄድም እፈራለሁ፣ እምቢ ብትልም እፈራለሁ። አንተ የሄድክበት ሰባት ዓመት ነው። ቅር ብሎህ እንደሆነ፣ ሥራ ይዞህ እንደሆነ አልጠይቅህም። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ና፤ ማሚቴንም ይዘሃት ና።

ለወለተ ሥላሴ እንደ እህት ሰላም በልልኝ። ማሚቴን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። አቶ መልአኩ ከነቅያሜያቸውም ቢሆን ሰላም ብለውሃል። ከአርብ ገበያ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ስምህን እየጠራ እጅ ይነሣል። እምዬ ግን ሰላምታ አልላከችልህም። ምን ልበልልሽ ብላት፣ ሰላምታ የሚላከው ለሚቀር ሰው ነው፣ እሱ ይመጣል አለችኝ።

መካነ ኢየሱስ፣ ሰኔ 28 ቀን 1959 ዓ.ም.