«እሺ» ያስደነገጣቸው ሽማግሌዎች

ሞገስ ወንድሜ፣ ፖስት ካርዷ ጠባብ ናትና በቀጥታ ልግባልህ። ጉደር፣ ኦቦ ጀቤሳ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ሳለ ልጃቸውን ለንሳን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እኛ ደብረ ብርሃን ሽማግሌ የምንመርጠው በአንደበቱ ነው፤ ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ሚልኬሳ ግን እንደቆሙ ስልካቸውን አውጥተው ኤአይ የጻፈላቸውን አነበቡ። እንዴት ያምራል መሰለህ! ኦቦ ጀቤሳ እንባቸው መጣና «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» ብለው እርፍ!

ሽማግሌዎቹ ክው አሉ። «በመጀመሪያው ቀን? ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ጀቤሳ፣ ሰው ምን ይላል? እንደ ወጉ እምቢ ይበሉን እንጂ!» ኦቦ ሚልኬሳ ግራ ገብቷቸው ስልኩን ቢጠይቁት፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» አላቸው። ለንሳ ከጓዳ «አባዬ፣ ሸክም ሆንኩብህ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ወጥተው እንደ አዲስ ገቡ። ኦቦ ሚልኬሳ ስልኩን ኪሳቸው ከተው በገዛ አፋቸው ሲንተባተቡ፣ ኦቦ ጀቤሳ ፊታቸው በርቶ «እምቢ! የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አሏቸው። ቤቱ በሙሉ እፎይ አለ።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬ የሺመቤትንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለእህትህ ልጅ ሽምግልና ስትሄድ ግን አደራ፣ ስልክህን ቤት ተወው፤ አለዚያ ይሰጡሃል!

ያንተው ዳምጤ