አልይዝ ያለው የዲፈረንሻል ጆሮ

ሳሊተ ምሕረት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? እህትህ ሰልዋ ባለፈው ሩዋንዳ ሰፈር መጥታ ስታይህ ከስቷል ብላኛለች። የምግብ ቤት ምግብ ሰው አያወፍርም ብዬህ ነበር፤ ማን ይስማኝ! እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል እንጂ ሌላ የለብኝም። አባትህም ደህና ነው። ስለሱ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሁለት ታክሲ የማይሞላ መንገድ ላይ ሆኜ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ምን ላድርግ ልጄ? ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ እማ ትለኛለህ። ስታነሳ ደግሞ አባትህ አጠገቤ ነው። ዘንድሮ ከአጠገቤ አይርቅም፤ ጆሮውም እንደ ድመት ሆኗል፤ ጓዳ ገብቼ ሹክ ያልኩትን ሳሎን ተቀምጦ መልስ ይሰጠኛል። ሰልዋ በቴሌግራም ጻፊለት ትላለች። በዚያች ስልክ ደህና ነህ ወይ ብዬ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ጽሑፌን ታገሠኝ፤ የምታደርስልህ እሷው ናት። አጥፌ ስለምሰጣት አታነበውም።

ልጄ፣ ተናድጃለሁ። በማን ብትለኝ በአባትህ፣ ባንተና ሁለታችሁ ግቢ ውስጥ በሠራችኋት በዚያች መኪና ነው፤ ማን አንደኛ እንደሚወጣ እንደ ቀኑ ይለያያል። ዛሬ አባትህ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልመጣህ ግን አንተን የሚቀድምህ አይኖርም።

ያ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል እንደገና ወርዷል። አንተ ጥለህ ከወጣህ ወዲህ አባትህ ሁለት ጊዜ በየደው፣ ሁለቱንም ጊዜ ተገነጠለ። የመጀመሪያው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ ጓ! አለና መኪናዋ ኋላዋን ይዛ ቁጢጥ አለች። ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ዳገት ላይ ነው። እኔም አብሬው ነበርኩ። ስንወጣ የግቢያችንን በር ቋሚ ፋቀው፤ ምነው ብለው በሩ ጠቧል አለኝ። ያ በር ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሲገባበት የኖረ በር እኮ ነው! ዳገቱ መሐል ላይ ስንደርስ ከስር አንድ ነገር ተቀደደ። ከዚያ እኔ ሂጃቤን አጥብቄ ከኋላ እየገፋሁ፣ ሰዉ ቆሞ እያየ፣ ሽፈራውም ከሱቁ ወጥቶ እያገዘን ተመለስን። የሽፈራው እገዛ ያለ ነገር እንደማይሆን ታውቃለህ። «አብዱልገኒ፣ ይቺን ሳሙና ከምትነዳት በፌስታል አንጠልጥለሃት ብትሄድ አይሻልም?» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባትህ ዝም የሚል ሰው ነው? የሽፈራውን ቦርጭ አንስቶ፣ ሱቁን አንስቶ፣ ሚዛኑን አንስቶ ሰፈሩን ሁሉ ያስቀው ነበር። ያን ቀን ቃል አልወጣውም። እኔን ያስደነገጠኝ ከብረቱ ይልቅ ይሄ ነው።

እኔ ከጭቅጭቃችሁ የገባኝን ልጻፍ፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። መኪናዋ ቀላል ትሁን ብላችሁ አጽሟን፣ ሻንሲ የምትሉትን፣ ቱቦላሬ በሚሉት ስስ ክፍት ብረት ሠራችሁት። ከኋላ ዲፈረንሻሉ ቱቦላሬው ላይ በተበየዱ ሦስት ጆሮዎች ተይዟል። ነዳጅ ሲረገጥ ኃይሉ ጎማውን ከማዞሩ በፊት ዲፈረንሻሉን ራሱን ጠምዝዞ ሊገለብጠው ይፈልጋል፤ ጆሮዎቹ ካልቻሉት ይቀደዳሉ። አንተ ወፍራም ላሜራ ይለጠፍበት፣ ከአንዱ ቱቦላሬ ወደ ሌላው ማገር ይግባለት አልክ። አባትህ ደግሞ ብረት በብረት ላይ ከጫንን ቀላል መኪና ብለን መድከማችን ለምን ነበር፣ ደግሞም ወፍራሙን ስሱ ላይ ብትለጥፈው ከዳሩ ነው የሚቀደደው አለ። እኔ ከስፌት መኪና ጋር ያረጀሁ ሴት ነኝና ይሄኛው ገባኝ። ያለቀ ሱሪ ጉልበት ላይ ጂንስ ብትጥፍበት ጨርቁ ከጥፉ ዳር ይተረተራል። ጥፉን ሰፋ አድርጎ፣ ከደህናው ጨርቅ ጋር ማያያዝ ነው እንጂ። ይሄን ስል ሁለታችሁም ሳቃችሁብኝ። ከዚያ ወዲህ አብራችሁ ስትስቁ አላየሁም።

ምክንያቱም በማግስቱ ሽፈራው ቆሞ እያየ አጎንብሰህ ከስር አየህና «አባ፣ ጆሮው መች ተበየደ? ብየዳህ ከመገጣጠሚያው ወርዶ ሜዳ ለሜዳ ነው የሄደው» አልከው። እሱም ጭምብሉን አውልቆ፣ እኔ የበየድኩት አውቶቡስ ስንት ዓመት ሰው ጭኖ አገር አቋርጧል፣ አንተንም ያሳደገህ ይሄው እጅ ነው አለ። አንተም እንግዲያው እጅህ ይጨርሳት ብለህ ወጣህ። ሻንጣህን ስትጎትት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

ልጄ፣ ውሸት አልተናገርክም። ብየዳው እውነትም ወርዶ ነበር። ግን ለምን እንደወረደ አልጠየቅክም።

አሁን የምጽፍልህን ዝም ብለህ አንብብ። ምንም ነገር እየነገርኩህ አይደለም፣ የቤታችንን ወሬ ነው።

አባትህ ዘንድሮ የሸገር ጭጋግ አልገፍ አለ ይላል። በቀትር ይላል። እኔ ጭጋግ አላየሁም። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ቁርኣኑን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና ሳይገልጠው በቃሉ የሚያውቀውን ይቀራል። ምነው አትገልጠውም ስለው፣ ዘንድሮ የሚያትሙት ጽሑፍ ሳሳብኝ ይለኛል። ያ ቁርኣን እኮ ስንጋባ የመጣ ነው። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈስና ብርጭቆውን ይሰድባል። ጁምዓ ሲሄድ የሰልዋን ክንድ ይይዛል፤ ጉልበቴን ነው ይላታል። የጉልበት በሽታ በዚህ ቤት የእኔ ነበር!

ሲበይድ ደግሞ ኤሌክትሮዱን ከማስነሳቱ በፊት መገጣጠሚያውን በግራ እጁ ጣት እየዳበሰ ይፈልገዋል። አግኝቶት ጣቱን ሲያነሳ ይጠፋበታል። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ በአውራ ጣቱ ይነካዋል፤ ጣቱ ሁሉ ተልጧል። ኤሌክትሮዱ ርጥበት ገብቶበታል ይላል፣ መብራቱ ይዋዥቃል ይላል፣ ላሜራው የዱሮ ላሜራ አይደለም ይላል። ሁሉንም እሺ እያልኩ ቅባት እቀባዋለሁ። እሺ ማለት እንደዚህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው አርብ ጁምዓ ሲሄድ ጠብቄ ፍሬ የሚባለውን በያጅ ጠራሁት፤ መንገዱ ዳር የመስኮት ብረት የሚሠራውን። ገብቶ አየው። ሥራው ክፉ አይደለም፣ ብየዳው የጠነከረ ነው፣ መንገዱን ብቻ ስቷል አለኝ። አንዱን ብሎን አጥብቆልኝ ሊሄድ ሲል አባትህ መጣ። ገብቶ በእጁ ዳሰሰና፣ ማነው ብሎኔን የነካው አለ! ፍሬ በር ላይ ቆሞ ሰላም ሊለው ሲጠብቅ እሱን አልፎት ነው የገባው፤ ብሎኑን ግን አወቀው። ያን ቀን እራቱን አልበላም። እኔን ደግሞ፣ አንቺም ከልጅሽ ጋር ሆነሽ እጄን ናቅሽው አለኝ። ያ ረቢ! ሰው ሲራዳም ይሰደባል?

ከረመዳን በኋላ አንድ ጧት እሱና እኔ መገናኛ ሄደን ነበር። ለምን እንደሄድን አትጠይቀኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ወረፋ አስጠብቃ፣ አገጩን ማሽን ላይ አስደግፋ አየችውና፣ በቶሎ ተመለሱ፣ የሄደው ባይመለስም የቀረውን እናተርፈዋለን አለችን። አልተመለስንም። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ ለልጁ ትንፍሽ ትዪና ብሎ በአላህ አስማለኝ። ማልኩ። መሐላዬን አልበላም ልጄ። ስለ ብየዳ አልጽፍም ብዬ ግን አልማልኩም።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ልምጣ። እሁድ ጧት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ መኪናዋን ይዞ እስከ መገናኛ ሊወርድ ነው። ሊነዳት የተነሳው እሱ ራሱ ነው። ሰልዋን አጠገቤ ትቀመጪና በቀኝ በኩል የሚመጣውን ትነግሪኛለሽ ብሏታል። እሷ ምንም አታውቅም፤ ደስ ብሏት የምትለብሰውን እየመረጠች ነው። ጆሮው ካልያዘ መሐል መንገድ ይቀራሉ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ከያዘ ነው እኔ የምፈራው። ይሄን አስበው፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቁልፉን ልደብቅ አልኩ። ደብቄውም ነበር። ሲያጣው ቤቱን ሁሉ በእጁ እየዳበሰ ሲፈልግ አየሁትና አልቻልኩም፤ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሰልዋን አትሄጂም ብዬ ብከለክላት ደግሞ ለምን ትለኛለች። ምን ልበላት?

ይሄን ሁሉ የምጽፍልህ የት ሆኜ መሰለህ? ሳሎን ነኝ። አባትህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ወረቀቱ በሱና በኔ መሐል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዱሮ የአስቤዛ ስም እንኳ ስጽፍ አንገቱን አስግጎ ፊደሌን ሳያርም አያልፍም ነበር፤ «ሽንኩርት»ን በስንት ዓመት ነው ያስተማረኝ። ዛሬ ስሙን እየጻፍኩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሻዩን ይጠጣል።

ስለዚህ ልጄ፣ ቅዳሜ ና። እናቴ ጠራችኝ እንዳትል። ጫማዬን ልወስድ መጣሁ በል፤ ያ ቡናማው ጫማህ አሁንም አልጋህ ስር አለ። ከዚያ ሳታስበው እንደሆነ ሰው ወደ መኪናዋ ጠጋ በል። ብዬህ ነበር የሚለውን ቃል ግን በር ላይ ጥለኸው ግባ። እሱ የሚለውንም ያዝለት፤ ላሜራው ስስ ይሁን ግን ሰፋ ይበል፣ ማገሩም ይግባ። እሱ ይዳብስ፣ አንተ በይድ። ሽፈራው ከመጣም እኔ ሻይ አፍልቼ በር ላይ እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁ አብራችሁ መገናኛ የምትሄዱበት ሌላ ቦታ ይኖራል። እሱን መኪናዋ ውስጥ ሆናችሁ ራሱ ይንገርህ፤ የሚናገረው ሰው ዓይን ለዓይን ሳያየው ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትህ ተናገረ። እስክሪብቶሽ ዛሬ ዕረፍት የለውም ወይ አለኝ። ሻዩን ፉት አለና፣ ለዚያ ለረጅሙ ከሆነ የምትጽፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ በይው አለ። የቱን ወንበር ብለው፣ እሱ ያውቀዋል፣ ጻፊው ብቻ፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ አለኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ግቢ ወጣሁና ሸራውን ገለጥኩት። እውነቱን ነው። የሾፌሩን ወንበር እስከ መጨረሻው ድረስ ገፍቶ በአዲስ ብሎን አስሮታል። የአባትህን ቁመት ታውቀዋለህ፤ እኔ ራሴ ገብቼ ተቀምጬ ሞከርኩት፣ እግሬ ፍሬኑ አጠገብ እንኳ አልደረሰም። የእሱም አይደርስም። የግራውን ጆሮም አየሁት፤ አጽድቶ፣ ሞርዶ፣ በክላምፕ ብቻ አሲዞ ትቶታል። አልበየደውም።

ተመልሼ ገባሁና ጽፌዋለሁ አልኩት። ሌላ ነገር ጨመርሽ ወይ አለኝ። ስለ መኪናዋ ብቻ ነው የጻፍኩት አልኩት። እሱም፣ እሺ፣ ፊደልሽ ደህና ነው? አለ። ደህና ነው አልኩት።

አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅህ። መንገድህን ያቅናልህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ለአባትህ መመኪያ ያድርግህ። ሰልዋን በመንገድ እንዳታቆያት፣ እየመሸ ታክሲ ይጠፋል።

የጉልበቷን ሕመም ረስታ በር በሩን የምታይ
እናትህ