የኋለኛው ቅስት አሥራ አንድ ቀዳዳዎች

ውድ እህቴ፣

የሠረገላ ነጂውን በመዶሻ አልመታሁትም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ፤ ክር ነጋዴዋ ባለፈው ሳምንት ሰም ልትሸጥልኝ መጥታ ወሬው እናንተ ከተማ ድረስ እንደ ገባ ነግራኛለች። አንዱ ግንባሩ ተፈነከተ ይላል፣ ሌላው ሁለት ጥርሱ ረገፈ ይላል። የሆነው ይህ ነው፦ መዶሻው በእጄ ነበር። ምስማር እየመታሁ ስለ ነበር ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። «ውጣልኝ» አልኩት። ወደ ኋላ ሲሸሽ የቆዳ መዘፍዘፊያው ባልዲ አደናቀፈውና ተቀመጠበት። ከወገቡ በታች በሰበሰ፤ ሌላ ጉዳት የለም። ትናንት በመንገድ ሳልፍ ከሩቅ አይቶኝ ሲስቅ ጥርሱን ቆጥሬዋለሁ፤ ሙሉ ነው።

ክር ነጋዴዋ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ወሬውን ስትሰሚ አልሳቅሽም አለች። «ጤነኛ ናት?» ብለሽ ብቻ ጠየቅሽ አለች። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ ጠይቀሽ ወደ ጆሮዬ የደረሰው ይኸው አንድ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እመልሳለሁ። ጤነኛ ነኝ። ደክሞኛል። ጉልበቴ ደረጃ ጠልቷል፤ ግራ ዓይኔም ጥቁር ክርን ከጥቁር ቆዳ መለየት ትቷል። እጄ ግን አይንቀጠቀጥም። ሕፃናቱ አሁንም «እመት ማስመሪያ» ነው የሚሉኝ፤ ልዩነቱ ዛሬ ዛሬ እስካልፍ ድረስ አለመጠበቃቸው ነው።

ነጂውን ለምን እንዳስወጣሁት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ እናገራለሁ።

የእንግዳ ማረፊያው ሠረገላ ተመልሶ መጥቷል። ከባቡር ጣቢያ እንግዳ የሚያመላልሰው፣ አባባ በሞተ ዓመት እኔና አንቺ ብቻችንን ክዳን የሠራንለት የመጀመሪያው ሠረገላ። ባለቤቲቱ አርፋለች፤ አሁን አማቿ ነው የያዘው። ነጂው ሠረገላውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ክዳኑን በጅራፉ እጀታ ነካ ነካ አደረገና እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ አዲሱ ጌታችን ይህን ቡትቶ ቀደው በላስቲክ ሸራ ይሸፍኑልን ብሏል።»

«ቡትቶው አንተ ነህ። ይህ ሃያ ሰባት ዓመት የቆመ ክዳን ነው።»

«መቆሙንስ ቆሟል። ግን ከጥንትም ያፈስ ነበር አሉ። ታናሽዎ ያበላሹት እሱ አይደል? የማረፊያው ልብስ አጣቢ ናት ያጫወተችኝ። እርስዎ ባይደርሱለት ኖሮ ያኔውኑ ለማገዶ ይሆን ነበር አሉ።»

ሊያሞግሰኝ ፈልጎ ነው። የምችለውን ያህል ጮኼ አስወጣሁት። ልብ በይ፤ «ውጣልኝ» አልኩት እንጂ «ውሸት ነው» አላልኩትም። እሱ ወደ ባልዲው ሲወርድ እንኳ ያቺ ቃል ከአፌ አልወጣችም።

እንዴት እንሠራ እንደ ነበር አንቺ አትረሺውም፤ ቢሆንም ልጻፈው፤ ስጽፈው እጄ ይፈታል። ክዳኑን የሚሸከሙትን ቅስት እንጨቶች አቁመን፣ ሸራውን አልብሰን፣ ቆዳውን ከላይ ከወጠርን በኋላ የጎንና የኋላ ስፌት ሲደርስ አንቺ ክዳኑ ውስጥ ትገቢ ነበር። እኔ ከውጭ በወስፌ በስቼ መርፌዋን እሰዳለሁ፤ አንቺ ከውስጥ ተቀብለሽ ስበሽ ትመልሻለሽ። አንተያይም። የምንነጋገረው በክሩ ነበር። ሲበዛብሽ ታላዪዋለሽ፣ ሲያንስብሽ ትስቢዋለሽ። አባባ ከመቀመጫው ሳይነሣ ድምፁን ሰምቶ ብቻ «ትንሿ ደክሟታል፣ ዕረፉ» ይል ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ሰፍተሽ እንዳትተዪኝ። ለምሳ ጥሪኝ።»

«ስፊ። አትለፍልፊ።»

«አባባ፣ እትዬ በማስመሪያዋ ልትመታኝ ፈልጋ እጇ አልደርስ ብሏታል።»

«ትውጣና ይደርሳል» እላለሁ። አባባ በአፉ የያዘውን ምስማር እስኪተፋ ይስቃል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ብቻዬን ነው የምሰፋው። ከውጭ መርፌዋን እሰዳለሁ፣ ዞሬ እንበረከካለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እገባለሁ፣ እስባለሁ፣ መልሼ እሰዳለሁ፣ እወጣለሁ። ለአንድ ስፌት አንድ ጊዜ መግባትና መውጣት ነው። ጎባጣ መርፌ አለ፣ ከውጭ ብቻ ይሰፋል ይሉኛል። አለ፤ ስፌቱ ግን ቆዳውን ይይዛል እንጂ ሸራውን አይጨብጥም። በሁለተኛው ክረምት ይለቃል። ስለዚህ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ጉልበቴን የጨረሰው ዕድሜ እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ያኔ፣ ያን ሠረገላ ስንሠራ፣ ጥሩ ቆዳ አንድ ብቻ ነበረን። የኋላውን ገጽ እኔ ቆረጥኩት፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። አባባ እርጥብ ቆዳ በገመድ ወጥራችሁ አሳድሩት፣ ምስማር በነጋታው ነው ይል ነበር። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ የማያውቅ ጀማሪ ብቻ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ባለቤቲቱ በሦስተኛው ቀን ልታየው ትመጣለች፤ ያለ አባባ መሥራት እንደምንችል ማሳየት አማረኝ። እርጥቡን ከኋለኛው ቅስት ላይ በአሥራ አንድ ምስማር መታሁት። ሌሊቱን ደረቀ። ጠዋት አንቺ ውኃ ልትቀጂ በወጣሽበት ክዳኑን ልዘረጋው ስሞክር ሁለት ጣት ያህል ጎደለው፤ አልዘረጋ አለ። አሥራ አንዱንም ምስማር ነቀልኩ፣ ቆዳውን ከነሸራው ሁለት ጣት ለቀቅኩለት፣ ከጠርዙ ላይ እንደገና መታሁት። የፊተኞቹ ቀዳዳዎች ወደ ታች ወርደው ገላጣው ቆዳ ላይ በረድፍ ቀሩ። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ ከተበሳ አይገጥምም። ይህንንም የማያውቅ ጀማሪ ብቻ ነው።

አንቺ መጥተሽ ውስጥ ገባሽ፤ ስፌት ጀመርን። ጥቂት እንደ ሄድን ክሩ ቆመ።

«እትዬ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን ይታየኛል።»

«የምን ብርሃን?»

«እንጃ። ትንንሽ ነው። በረድፍ ነው።»

«ዓይንሽ ነው። ስፊ።»

ክሩን ሳብሽው። ዓይንሽ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ያን ቀን ማታ ቀዳዳዎቹን በሰምና በጥላሸት ደፈንኳቸው፤ አንቺ እንደገና ሳታዪ ሌላ ሸራ ደርቤ፣ የፈረስ ጭራውን ጠቅጥቄ፣ ገበሩን ራሴ ወጠርኩት። ጠዋት «ምነው ሳትጠብቂኝ?» ስትዪኝ «አንቺ ትዘገያለሽ» አልኩሽ።

ሰም ፀሐይ አይችልም። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መጣ፤ ሠረገላው አንድ ዳኛ ከነሚስቱ ከጣቢያው ይዞ ሲመለስ ውኃው በቀዳዳዎቹ ገብቶ ጭራውን አራሰው፤ ከዚያ በገበሩ ውስጥ ወርዶ አንቺ በያዝሽው ስፌት በኩል ዳኛው ጭን ላይ ተንጠባጠበ። ባለቤቲቱ ግቢያችን ስትገባ የማረፊያው ሻንጣ ተሸካሚና ልብስ አጣቢዋ ከኋላዋ ነበሩ። ጣቷን ስፌቱ ላይ አድርጋ «ይህን የሰፋው ማነው?» አለች።

«የውስጡን የያዘችው እህቴ ናት» አልኩ።

ቃሉ ሐሰት አልነበረም። ስለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ይዤው መኖር የቻልኩት። ማንም ሐሰተኛ ሊለኝ አይችልም ነበር። የት እንደሚያፈስ ግን ከእነሱ ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አፌን ስከፍትም አውቅ ነበር። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከመዳፍሽ ላይ መርፌ የምትገፊበትን ቆዳ አወለቅሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርሽው። «እሺ እትዬ» አልሽ። በዘጠነኛው ቀን ከተማ ወዳለው ድንኳን ፋብሪካ ልትሠሪ ሄድሽ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ገበታ ላይ በላን። በእያንዳንዱ ቀን ልነግርሽ እችል ነበር። ዛሬ ሥራ አለባት፣ ዛሬ ከፍቷታል፣ ዛሬ እኔም ደክሞኛል እያልኩ ዘጠኙን ቀን ጨረስኩት።

ከሄድሽ በኋላ ገበሩን ፈታሁት። ስፌትሽን በማስመሪያ ለካሁት፤ በአንድ አውራ ጣት ስፋት ስምንት፣ ከዳር እስከ ዳር ስምንት፤ አንድም የላላ አልነበረም። ከዚያ በቀዳዳዎቹ ላይ የእጅ አንጓ ስፋት ያለው የቆዳ ጥብጣብ አለበስኩ፤ ቁስሉ እንዳይታወቅ በድርብ ክር አስጌጥኩት። አማረ። ሰው ወደደው። ሌሎች ባለ ሠረገላዎች መጥተው «እንደዚያኛው ከኋላ ያንን ጌጥ አድርጊልን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሠራኋቸው ክዳኖች ሁሉ ላይ አድርጌያለሁ፤ ከሥሩ ምንም የሚሸፍነው ነገር የለም። የእኔ ምልክት ነው ይላሉ። እኔም አዎ እላለሁ።

ነጂውን ባስወጣሁ ቀን፣ እሱ ከሄደ በኋላ በሩን ዘጋሁ። ጥብጣቡን ፈታሁት፣ ገበሩን ፈታሁት፣ የበሰበሰውን ጭራ አወጣሁ፣ የደረብኩትን ሸራ ገለበጥኩት። ከዚያ ሠረገላውን ፀሐይ ወደሚመታው የግቢው ጥግ ገፋሁትና ክዳኑን ዘርግቼ ገብቼ አንቺ በምትቀመጪበት ተቀመጥኩ። ለስፌት ስንቴ ገብቼበታለሁ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሰም ሰም ይሸታል። ዞር ስል አየኋቸው። አሥራ አንድ ናቸው። በረድፍ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፤ ግን ዓይን ያለው ሰው ሊስታቸው አይችልም።

ስለዚህ አንቺም ታውቂ ነበር። ያን ቀን ግቢ ውስጥ «ብርሃን አይቼ ነግሬሽ አልነበር?» ብትዪ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ለምን እንዳልተናገርሽ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዳንዴ አዝነሽልኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ንቀሽኝ። የትኛው እንደሆነ እኔ አልወስንልሽም።

አስተማሪያችን፣ ያቺ ነጭ ጓንት የማይለያት፣ ደብተራችንን ከመስጠታችን በፊት ስህተታችንን ራሳችን በቀይ እንድናሰምር ታስገድደን እንደ ነበር ታውቂያለሽ። ራስዋ ካገኘችው ሁለት እጥፍ ነበር ቅጣቱ። እኔ ከክፍሉ ሁሉ በቀይ ቀለም የታወቅሁ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀዩን የያዝኩት ለሌላው ሰው ደብተር ብቻ ነው፤ ለአንቺ ስፌት፣ ለነጂው አነጋገር፣ ለክር ነጋዴዋ ሰም።

አጥፍቻለሁ። ስፌትሽ ንጹሕ ነበር። ይህን ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ሦስተኛ አልጨምርበትም። ነይልኝም አልልሽም። ልጆችሽ፣ ሥራሽ፣ ቤትሽ እዚያ ነው፤ ደግሞም ጠርቼሽ ብትመጪ መርፌ እንድትመልሽልኝ የፈለግሁሽ ይመስልሻል። እውነትም ትንሽ እፈልግሻለሁ፤ ግን የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ አይደለም።

ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ ቆመው ከሰሙት ሁለት ሰዎች በሕይወት አሉ። ስለዚህ ነገ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት የማደርገው ይህ ነው።

መጀመሪያ ልብስ አጣቢዋ ቤት እሄዳለሁ። ውኃዋን ሳታፈላ እደርስባታለሁ፤ አንዴ ከጀመረች ቀና አትልም። ቆሜ እነግራታለሁ፤ ተቀመጪ ብትለኝም አልቀመጥም። እሷ ካወቀች ለሌላው እኔ መድከም የለብኝም።

ከዚያ ሻንጣ ተሸካሚው ዘንድ። ጆሮው ከብዷል፤ በር ላይ ሆኜ መጮኽ ሊያስፈልግ ይችላል። እጮኻለሁ።

ከዚያ የእንግዳ ማረፊያው አማች ዘንድ። የኋላውን ገጽ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አሁን አዲስ ቆዳ ቆርጬ፣ በገመድ ወጥሬ አሳድሬ እንደምሠራለት እነግረዋለሁ። በላስቲክ ይሁን ካለም ሠረገላው የሱ ነው፤ ይውሰደው። ነጂውንም እዚያው አገኘዋለሁ፤ ስለ ባልዲው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባለሁ። ከዚያ በፊት አላስገባውም። አንቺ ስታነቢው ያለቀ ሥራ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

እትዬሽ