የላላው ማሰሪያ

መጋቢት 3

ዛሬ የአምስት ሰው የአንጎል ምስል አነሳሁ። አንዷ መሐል ላይ አስነጠሰች፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ክፍሉ ቀዝቅዟል... ወይስ እኔ ነኝ?

ነገ የወንድም ጋሼ ተራ ነው። ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አለፈው። የነርቭ ሐኪሙ «ፓርኪንሰን ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚመስል ቀለል ያለ መንቀጥቀጥም ሊሆን ይችላል» ብሎታል። ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። አንዱ እየባሰ ሄዶ ሰውን ቤት ያስቀምጣል፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ እጅን አስቸግሮ ይቀራል። የሚለያቸው የአንጎል ምስል ነው።

አውቶቡስ ነጂ ነው። ከመሪ ሌላ ምን ያውቃል?

መጋቢት 4

እዚህ ዘመድ አናነሳም። የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልደረባዬ «ተይ፣ እኔ ላንሳው» ብሎኝ ነበር። ወንድም ጋሼ ነው እንቢ ያለው።

«እህቴ እያለች ሌላ ሰው ምን በወጣው!»

መርፌውን ተወጋ፤ ጨረር ያለው መድኃኒት አንጎሉ እስኪደርስ ጠበቅን። «ውስጡ ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ለሚስቴ እንዳትነግሪያት፤ ድሮም ጠርጥራለች» አለ። ሳቅኩ። ራሱን መያዣው ላይ አሳረፍኩት፤ ግንባሩን በማሰሪያው አሰርኩት።

«ጠበቀኝ።»

ትንሽ አላላሁለት። ከዚህ በፊት ለማንም አላልቼ አላውቅም።

ምስሉ ወጣ። አንጎል ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ብሩህ ቦታዎች አሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱም ጅራት አላቸው። የእሱ የቀኙ ጅራት የለውም። ግራ እጅን የሚያዘው ደግሞ ቀኙ ነው...

«ምን አየሽ?»

«የሚያነበው ሐኪሙ ነው።»

እውነት ነው። የእኔ ሥራ ማንሳት ነው። ግን ዓይን አለኝ እኮ።

መጋቢት 6

እራት እሱ ቤት። ብርጭቆውን እስከ ግማሹ ብቻ ቀዳሁለት። ዳቦውን ቆርጬ ሰጠሁት። ማንም አልጠየቀኝም። ቀና ስል እያየኝ ነው። ፊቴን አይደለም፤ እጄን። ሚስቱ ሳህን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ቶሎ አልተመለሰችም።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንድም።

መጋቢት 7

ሚስቱ ደወለች።

«ምን ብለሽው ነው?»

«ምንም።»

«ምንም? ታዲያ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለምን አስረክቦ መጣ? ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ተኝቷል።»

መጋቢት 9

ምስል አንባቢው ሐኪም አስጠራኝ።

«ይኼን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እስቲ ጆሮዎቹን ተመልከቺ።»

አየሁ። አንዱ ከሌላው ከፍ ብሏል። ማሰሪያው ስለላላ ጭንቅላቱ ዘመም ብሎ ነበር። ምስሉ ቀኙን በአንድ ከፍታ፣ ግራውን በሌላ ከፍታ ነው የቆረጠው። ጅራቱ ኖሮም ላይታይ ይችላል... ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። መሐል ላይ ስለተንቀሳቀሰ በኮምፒውተር ማቃናትም አይቻልም። እንደገና ይነሳ።

«እንዲህ ዓይነት ሥራ አልነበረሽም» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 10

ሄጄ ነገርኩት። ማሰሪያውንም፣ ያየሁ የመሰለኝንም።

«እና አሁን ምንድን ነኝ?»

«አናውቅም፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔ እኮ ልጆቼን በሆዴ ተሰናብቼ ጨርሻለሁ።»

እስከ በር አልሸኘኝም።

መጋቢት 19

ባልደረባዬ አነሳው። እኔ ከሚስቱ ጋር ኮሪደሩ ላይ። ይኼን ያህል ዓመት ስሠራ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ከዚህ የሚታየው በሩ ብቻ ነው።

«ጠበቀኝ» ሲል ተሰማኝ።

«ይጥበቅ፣ ጋሼ» አለው ባልደረባዬ።

ከሚስቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘናል።

መጋቢት 23

ሁለቱም ጅራት አላቸው።

ፓርኪንሰን አይደለም። መንቀጥቀጡ አይለቀውም፤ ሊጨምርም ይችላል፤ ግን ያኛው በሽታ አይደለም። የነርቭ ሐኪሙ ሲነግረው ሚስቱ አለቀሰች። ወንድም ጋሼ ሐኪሙን አላየውም። ወደ እኔ ዞሮ ፊቴን ፈለገ። ምን ዓይነት ፊት ልስጠው?

«እውነት ነው?»

«ሐኪሙ እኮ ነው የነገረህ...»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«እውነት ነው።»

አላመነኝም። ያን ማታ እራት ላይ ዳቦ የቆረጠለትን እጄን ነው ያመነው።

ሚያዝያ 14

መሥሪያ ቤቱ አስመርምሮ ወደ ሥራው መለሰው። ለጊዜው አጭሩን መስመር ሰጥተውታል። ዛሬ ጠዋት ሳልነግረው ተሳፈርኩ። ከኋላው ሁለተኛው ወንበር። ፌርማታው ላይ በሩን ለመክፈት ግራ እጁን ሲያነሳ ተንቀጠቀጠ። በመስታወቱ ያዘኝ።

«አንቺ! አሁንም ፎቶ ላይ ነሽ?»

ተሳፋሪዎቹ ዞሩ።

«ወደ ውጭ ተመልከቺ። ስንት የሚታይ ነገር አለ።»

እየቀለደ ነው? ድምፁ አላስታወቀም። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዳቦ ቤት... አጥር... ቦርሳ ያዘሉ ተማሪዎች። አንገቴ ወደ እጁ ልዙር አለኝ፤ ታገልኩት። አውቶቡሱ ቆመ፣ ተነሳ፣ ቆመ። መውረጃዬ ሲደርስ በሩ ተከፈተ።

በየትኛው እጁ እንደከፈተው አላየሁም።