ሁለት ቀዳዳና አንድ ወጌሻ

ሰኞ

ጨርሰናል አሉኝ ሐኪሞቹ፤ እኔ ገና እስኪጀምሩ እየጠበቅሁ ነበር። ዳሌዬ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ። በአንዱ ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ አስገብተው መገጣጠሚያው ላይ ተርፎ የሚጋጨውን አጥንት ሞረዱት። እኔም የሴራሚክ ጠርዝ ሲያስቸግረኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። ዶክተሩ አስጠነቀቀኝ፦ ክራንችህን አትጣል፣ ቁጢጥ አትበል፣ ማንም እንዳያሽህ፣ ከታሸ ይበላሻል። ቁጢጥ የማይል ሴራሚክ አንጣፊ ማን ይቀጥራል? እሺ አልኩ።

ማክሰኞ

ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ሁለት ጎረቤቶቼ «ጠርዙን፣ ጠርዙን» እየተባባሉ እንደ ፍሪጅ ተሸክመው አወጡኝ። እማዬ ቁስሉን ካላየሁ አለች። አይታ ፊቷ ጠቆረ።

«በዚች ቀዳዳ ምን ገብቶ ምን ይወጣል? አታለውሃል ልጄ።»

ረቡዕ

ጠያቂ በጠያቂ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ እንደገና ሙዝ። ሁሉም ቁስሉን ያያል፣ ሁሉም ቅር ይለዋል። የእድራችን ዳኛ የሐሞት ጠጠር ጠባሳቸውን ገልጠው አሸነፉኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ልነሳ እላለሁ፤ «በሞቴ አትነሳ» ይሉኛል፤ ካልተነሳሁ ደግሞ ያዝናሉ። ስድስት ጊዜ ተነሳሁ። አመሻሽ ላይ ዳሌዬ ጠዘጠዘኝ፣ ፈራሁ። እማዬ ማቃሰቴን ሰምታ ከለቡ ሰፈር ወጌሻው ጋሽ ወልዴ እንዲመጡ ደወለች።

ሐሙስ

ማምለጫ ሳሰላ ዋልኩ። በክራንች አራት ፎቅ አይሞከርም። ዶክተሩ ከልክሏል ብላት፣ እሱ ሲወለድ ጋሽ ወልዴ አጥንት ይጠግኑ ነበር አለች። የማሻው ቅቤ ተዘጋጅቷል።

ዓርብ

ጋሽ ወልዴ መጡ። ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። እማዬን ቅቤ አሙቂ ብለው ወደ ኩሽና ላኳትና በሩን ዘጉ። ክራንቼን ጨብጬ፣ አልታሽም ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ቀዳዳዎቹን አሳየኝ አሉ። አይተው ፈገግ አሉ፤ ቅር ያላላቸው የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔም እዚሁ ጋ ነው የሚይዘኝ። ጫማዬን የምታስርልኝ ባለቤቴ ናት። የዶክተሩን ስልክ ስጠኝ፤ ለእናትህ ግን እንዳትነግር።»

ሰጠኋቸው። ቅቤውን በበሩ ክፍተት ከእማዬ ተቀብለው የራሳቸው እጅ ላይ ቀቡ፤ ቆይተው ወጡና፣ ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው አሏት።

ቅዳሜ

ሕመሙ ቀንሷል። እማዬ የዶክተሩን ስህተት ጋሽ ወልዴ እንዳቃኑት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። የኔ ቀጠሮ የፊታችን ሰኞ ነው። ጋሽ ወልዴ ደውለው ነበር፤ እሳቸውም ዶክተሩ ጋ ለሰኞ ቀጠሮ አስይዘዋል። እማዬ ደግሞ አብሬህ ካልሄድኩ ብላለች።